ወረፋ የያዘው ኤግዚቢሽን

ውኃ ጠቃሚ መሆኑን ለሕዝብ ለማስረዳት በጭነት መኪና የዞርኩ ሰው ነኝ። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ያ ዘመን ያልሠለጠነ ሰው ቢገኝ እንኳ ያልተገመገመ የማይገኝበት ዘመን ነበር። አንድ ሰው ጧት ተነስቶ «ፀሐይ ትሞቃለች» የሚል አውደ ጥናት ቢጠራ፣ ምሳና አበል እስካለው ድረስ አዳራሹ ይሞላለታል። የኛ ከዚያ በእጅጉ ይሻላል። የኛ ተንቀሳቃሽ ኤግዚቢሽን ነበር። ስሙ «ውኃና ሕዝባችን፤ ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ» ይባላል። ጨርቁ ላይ ሲጻፍ ቦታ ስላጠረ «ነገ» ከታች ጥግ ላይ እንደ ስልክ ቁጥር ደቅቃ ቀርታለች።

ሦስት ሆነን ነው የምንዞረው። አንደኛው አስተባባሪያችን ነው፤ ታሪክ የተማረ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነ፣ ዲምቱ ቆላ ድረስ በክራቫት የሚወርድ ሰው። በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም ይባላል፤ እኔም አብሬው ስዞር አልያዝኩትም፣ ለመያዝ ግን ሳልሞክር አልቀረሁም። ሁለተኛው ሾፌራችን ነው፤ ቤተሰቡ ከስልጤ መጥቶ ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ከአርባ ምንጭ እስከ ሻሸመኔ የማያውቀው ሾፌር የሌለ ሰው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የሥራ መደቤ አስጎብኚ ይላል፣ ትክክለኛው ሥራዬ ግን ዕቃ ማውረድና መጫን ነበር።

ዕቃው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ፎቶዎቹን ተዉአቸው። ዋናው ነገር ከሶዶ ሙዚየም የወጡት የውኃ ዕቃዎቻችን ናቸው፦ አንገተ ረጅም ቅሎች፣ ገንቦዎች፣ አፋቸው በእንሰት ቅጠል የሚወተፍ እንስራዎች፣ ከዚያ የዘይት ቆርቆሮ፣ ከዚያ ጥቁር ጀሪካን፣ መጨረሻ ላይ ሁላችን የምናውቀው ቢጫው ጀሪካን። ከሁሉም የከበረው አንድ ሆደ ሰፊ እንስራ ነበር። አስተባባሪያችን ያን እንስራ የሚሸከመው የጌታ እራት ጽዋ እንደሚሸከም ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው።

ሶዶ ላይ ተማሪዎች በሰልፍ መጡ፣ በሰልፍ ሄዱ። ጉኑኖ ላይ አንድ ሽማግሌ እንስራውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙና «ደህና ነው፤ ስንት ትሉታላችሁ?» አሉ። እንደማይሸጥ ስንነግራቸው አዝነው ሄዱ። ወደ ቤሌ ከመሻገራችን በፊት የቀረን ከዲምቱ ወረድ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ዛሬ ቧንቧዋ ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዳቦ የጀመረን ሰው በድሮ ረሃቡ መጥራት ነውር ነው።

ያን ጊዜ ግን ቧንቧዋ አይሠራም። በአደባባዩ ዳር ቦኖ አለ፤ ሲሚንቶው ያማረ፣ መክፈቻዎቹ የሚያብረቀርቁ ቦኖ። የጎደለው ውኃ ብቻ ነው። የፓምፑ ሞተር ተበላሽቶ፣ መለዋወጫው ይመጣል ተብሎ፣ በአንደኛው ቧንቧ አፍ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ ፈልፍላ፣ ልጆቿን ድራለች ይባላል። ሠርጉን አላየሁም፤ ጎጆውን ግን አይቻለሁ።

በጧት ደረስን። አዳራሹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ነበርና ኤግዚቢሽኑን ሜዳ ላይ ለመዘርጋት ተገደድን። አስተባባሪያችን ዞር ዞር ብሎ ቦታ መረጠ። የመረጠው ቦኖውን ነው።

«በአውዱ ውስጥ መታየት አለበት» አለ።

«አውዱ እኮ ደርቋል» አለው ሾፌሩ።

«ደረቀም ረጠበም አውድ ነው። ታሪካዊ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ከቧንቧው ጀምራችሁ ደርድሩ።»

ደረደርን። እንስራው የክብር ቦታ ስለሚገባው ከቧንቧው ሥር አንደኛ ሆነ። ከሱ ኋላ ቅሎቹ፣ ከኋላቸው ገንቦዎቹ፣ ቆርቆሮው፣ ጥቁሩ ጀሪካን፣ ቢጫው ጀሪካን። አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ አፋቸው ወደ ቦኖው። ጨርቃችንን ሰቀልንና ጎብኚ ለመጠበቅ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በኛ አገር የውኃ ወረፋ የሚይዘው ሰው አይደለም፤ ዕቃው ነው። ጀሪካንህን አስቀምጠህ ገበያ ትወጣለህ፣ ትዳኛለህ፣ ታርሳለህ፣ ብትሞትም ጀሪካንህ ቦታው ላይ አለ፤ ተራው ሲደርስ ወራሾችህ ይቀዳሉ። ጀሪካን የሌለው ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩም ይከበራል። ሰው በሰው መሬት ሲገባ አይቻለሁ፣ በሰው ወረፋ ሲገባ ግን አላየሁም።

እንግዲህ እዚያ ከተማ ውስጥ ያለ ጤነኛ ሰው ያን ጧት ያየው ምንድነው? የመንግሥት ሰዎች ከሶዶ በመኪና መጡ፤ ማንንም ሳያናግሩ በቀጥታ ወደ ቦኖው ሄዱ፤ ዕቃቸውን ከቧንቧው ሥር ደረደሩ፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስታወቂያ ይፈለጋል?

የመጀመሪያዋ አንዲት ደልደል ያለች እናት ናት። ሽንኩርት ይዛ ታልፍ ነበር። ቆመች። ዕቃችንን ከፊት እስከ ኋላ አየች፣ እኛን አየች፣ ቦኖውን አየች። ከዚያ በዚያ ዕድሜ የማይጠበቅ ሩጫ ሮጠች። ተመልሳ ስትመጣ በሁለት እጇ አራት ጀሪካን አንጠልጥላለች፤ ክዳናቸው የበቆሎ ቆረቆንዳ። ከኛ ቢጫ ጀሪካን ኋላ አሰለፈቻቸው። ቀና ብላ በትሕትና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችን። እኛም ጎንበስ አልን።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ መስመሩ አደባባዩን አቋርጦ፣ የወፍጮ ቤቱን ዞሮ፣ የገበያውን አጥር ተከትሎ ሄዷል። ጫፉን ለማየት መነፅር ያስፈልጋል እያልኩ ለዓመታት አውርቻለሁ፤ አሁን ሸምገል ስላልኩ ጫፉ ይታይ እንደነበር አምናለሁ፣ ግን በጭንቅ ነው።

አስተባባሪያችን ከደስታው ብዛት ክራቫቱን አላላ። ለሱ የገባው ሌላ ነው።

«አየህ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅርሱን አይተው የራሳቸውን ቅርስ እያመጡ ነው። ማንም ሳይቀሰቅሳቸው። ይሄ ነው የኅብረተሰብ ተሳትፎ ማለት።»

«ጌታው፣ ይሄ እኮ...»

«ካርዱን አምጣ።»

ካርድ የሚለው እንደ ሙዚየም ሥርዓት በየዕቃው ላይ በክር የምናንጠለጥለውን ቁጥር ያለው ወረቀት ነው። ቁጭ ብሎ በዚያ በሚያምር እጁ ይጽፍ ጀመር፦ «ጀሪካን፣ ቢጫ። ክዳን፦ የበቆሎ ቆረቆንዳ። አገልግሎት፦ ውኃ መቅጃ። ዘመን፦ የአሁን።» ከላይ ቁጥር። እየዞረ በየጀሪካኑ እጀታ ላይ ያስራል። ሕዝቡ ይህን ሲያይ እፎይ አለ። በዚያች ከተማ ታሪክ ወረፋ በመንግሥት እጅ ቁጥር ሲሰጠው የመጀመሪያው ነው። ካርድ ያልደረሳቸው ከኋላ ሆነው «እኛስ? እኛ ዜጋ አይደለንም?» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ «ይደርሳችኋል፣ ሁሉም ይመዘገባል» እያለ እንባው ሊመጣ ይደርሳል። ስልኩን አውጥቶ ሶዶ ደወለ። «ሕዝቡ በነቂስ ወጥቷል፤ ቁሳቁስ በገዛ ፈቃዱ እያዋጣ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ሲዋሽ አልነበረም። ያመነውን ነው የተናገረው፤ ክፉው ነገርም እሱ ነው።

እኔ ወደዚያች መጀመሪያ ወደመጣችው እናት ሄድኩ። ከጀሪካኖቿ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቷን እዚያው ትልጣለች። በወላይትኛ ነው የተጨዋወትነው።

«እናቴ፣ ይሄ ወረፋ አይደለም» አልኳት።

«ምንድነው ታዲያ?»

«ኤግዚቢሽን ነው። ውኃ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያስተምር ነው።»

«ማንን?»

«እናንተን።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ልጄ፣ ተምረሃል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽም ቢሆን የተማረ ሰው ከሶዶ ድረስ ነዳጅ አቃጥሎ ውኃ ይጠቅማል ሊለኝ አይመጣም። ውኃው እንደሚመጣ ሰምታችሁ ነው። አትደብቀኝ። ከፊቴ መሆናችሁ አልከፋኝም፤ ቀድማችኋል። ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ብቻ ንገረኝ።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ ምሥጢር ጠባቂነት መሰላትና ተጠጋችኝ። ነገ ልጇን እንደምትድር ነገረችኝ። ሙሽሪት የጉኑኖ ልጅ ናት።

«እነሱ ዘንድ ምንጩ ጓሮ ነው» አለች። «ዶሯቸው ሳይቀር የምንጭ ውኃ ነው የሚጠጣ። ሽማግሌ ስንልክ ቧንቧ ደጃችን ላይ ነው ብለናል። አልዋሸንም፤ ቧንቧው ይኸው፣ ደጄም ያውና። ነገ አጎቶቿ ሁሉ ይመጣሉ። እኛ አማኞች ነን፤ ሠርጋችን ላይ ጠጅ የለ፣ አረቄ የለ። የምናጠጣቸው ውኃ ነው። ውኃ ጠይቀው ከዘገየባቸው፣ ልጃችንን አህያ ሊያደርጓት ነው ብለው ሙሽሪትን ከነሻንጣዋ ይዘው ይመለሳሉ። ወንዙ ድረስ አህያ ልኬ ያመጣሁት ለበሬው ሆድ ዕቃ ማጠቢያ አልበቃም። እና ስንት ሰዓት ነው?»



ሄጄ ለአስተባባሪያችን ነገርኩት። ሰማኝ፣ ግን አልሰማኝም። በዚያው ቅጽበት አንድ አህያ ወደ እንስራው እያሽተተ ሲጠጋ አይቶ ልቡ ቆሞ ነበር። እሱም እንስራውን ከአህያው ለማትረፍ ብድግ አድርጎ ወደ መኪናው ጉዞ ጀመረ። ቅሎቻችን እዚያው ቀሩ፤ እንስራው ግን ቦታውን ለቀቀ።

ያኔ የሆነውን ያላየ ሰው ወረፋ ምን እንደሆነ አያውቅም። እስከ ወፍጮ ቤቱ ወዲያ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን አንድ እርምጃ አስጠጋ። ቅሎቻችንንም አንዲት ኮረዳ በክብር ወደፊት አስጠጋችልን። ጅንን ያለ፣ የሰለጠነ፣ የፓርላማ የሚመስል እንቅስቃሴ ነበር። አስተባባሪያችን ነገሩ ግራ ገብቶት እንስራውን ይዞ ተመለሰና ወደ ቦታው ሊያስገባ ሲል አንድ ጥምጥም ያሰሩ አዛውንት ከዘራቸውን ከፊቱ ዘረጉ።

«ጌታዬ፣ ከወረፋ ወጥተዋል። ከኋላ ነው።»

«ይሄ የኤግዚቢሽኑ ዋና ቅርስ ነው።»

«ቅርስም ቢሆን ከኋላ ነው።»

«አባቴ፣ ይሄ እንስራ እኮ ውኃ አይቀዳበትም።»

«ታዲያ ውኃ የማይቀዱበት ከሆነ ከኋላ ቢሆኑ ምን ይጎዳዎታል?»

አስተባባሪያችን በዚህ ጊዜ ነው የነቃው። መስመሩን አየ፣ የገዛ እጁ የጻፈውን ካርድ በየጀሪካኑ ላይ ሲውለበለብ አየ፣ ቦኖውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። በርጩማ ላይ ወጣ። መዋሸት የማይችል ሰው ያለው አማራጭ አንድ ነው።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ። ይሄ ወረፋ አይደለም። ውኃ የለም።»

ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት ረጋ ብላ «ቁጥሩን ማን ሰጠን?» አለች።

ከበርጩማው ወረደ። ጥላው ሥር መጥቶ ከኛ አጠገብ ቁጭ አለ። የሙሽራውን እናት ነገር እንደገና ነገርኩት፤ አሁን ሰማኝ። ወደ ሾፌሩ ዞረ። «የምታውቀው ቦቴ ነጂ የለም?» አለው።

ሾፌራችን ጥያቄው ስድብ ሆነበት። «እኔ? የማላውቀው ካለ ንገረኝ» አለ።

ከከተማዋ ወረድ ብሎ መንገድ እየተሠራ ነበር። አንድ ቦቴ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ አፈሩን ውኃ ያጠጣል። መንገዱ እስኪጠግብ እየጠጣ ሰዉ ደረቅ ቧንቧ ያያል። ውኃው ደግሞ ከካምፑ ጉድጓድ የሚወጣ፣ የመንገድ ሠራተኞቹ የሚጠጡት ንፁህ ውኃ ነው። የቦቴው ነጂ የሾፌራችን የሰፈር ልጅ ሆኖ ተገኘ። አስተባባሪያችን ራሱ ወደ ካምፑ አብሮ ሄደ። እዚያ ለአለቃው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሾፌሩ እንደነገረኝ ግን ሙሉውን እውነት ከነካርዱ ተናገረ፣ አለቃውም ሳቁን ለመጨረስ ወንበር ፈለገ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦቴው አደባባዩ ላይ ብቅ አለ። ሕዝቡ አላጨበጨበም። እንደሚመጣ ያውቅ ነበራ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ዘገየ ብለው አማረሩ።

የቦቴው ረዳት ጭን የሚያህል ቱቦውን ይዞ ወደ መስመሩ ራስ መጣ። መስመሩ ራስ ላይ ያለው የኛ ቅል ነው።

«ይሄን ቅል? በዚህ ቱቦ?» አለ።

«አስቀረው፣ ዝለለው» አልኩት።

የሙሽራው እናት ብድግ አለች። «አይዘለልም» አለች። «ዛሬ እነሱ ከተዘለሉ ነገ እኔ እዘለላለሁ። ይቀዳ።»

ተቀዳ። ቅሎቹ ተሞሉ፤ ግማሹ ውኃ ቅል ውስጥ፣ ግማሹ የረዳቱ ጫማ ውስጥ ገባ። ገንቦዎቹ ተሞሉ። ስንት ዓመት ደርቀው የኖሩ ገንቦዎች ውኃውን ሲያገኙ እንደ ተጠማ ሰው ጉርጉር አሉ። ቆርቆሮው፣ ጥቁሩ፣ ቢጫው። ከዚያ የእሷ አራቱ። ከዚያ ከተማው ሁሉ በካርዱ ቁጥር፤ አንድ ሰው ካርዱ ላይ «ዘመን፦ የአሁን» የሚለውን አንብቦ «አሁን ነው የሚለው፣ አሁን ቅዳልኝ» ሲል ሰምቻለሁ። እንስራው ያዛውንቱ ፍርድ ጸንቶበት የመጨረሻ ነበር፤ ለሱም ደረሰው፣ እስከ አንገቱ።

የሙሽራው እናት ጀሪካኖቿን አየች፤ አራት ናቸው። ሌላ ባዶ ዕቃ የላትም፤ ቦቴውም ባዶ ሆኖ ሄዷል። ዓይኗ ወደኛ ዞረ።

«የናንተን ውኃ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለች።

አስተባባሪያችን እውነቱን ተናገረ። «ወደ ቤሌ እንሄዳለን። ዕቃው ደርቆ መጫን ስላለበት ይደፋል።»

አዛውንቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጨርቃችንን ፊደል በፊደል ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ውኃና ሕዝባችን።» ከዚያ አስተባባሪያችንን አዩት።

በዚህ ዓይነት ነው ኤግዚቢሽኑ ቤሌ ሳይሆን ሠርግ ቤት ያደረው። መኪናችን ውኃ የሞሉ ቅርሶችን ጭኖ በኤሊ ፍጥነት ተጓዘ። አስተባባሪያችን ከኋላ ተቀምጦ እንስራውን በሁለት ክንዱ አቅፎታል፤ ክራቫቱ እንስራው ውስጥ ገብቶ ይዋኛል።

በማግስቱ የጉኑኖ ሰዎች መጡ። አጎቶቿ በሙሉ፤ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ አቧራ የለበሱ፣ የሚያቃጥል ዳጣ ከሥጋ ጋር የሚወዱ ሰዎች። ገና ሳይቀመጡ ውኃ ጠየቁ። ልጆች ከገንቦው፣ ከቅሉ እየቀዱ አጠጡ። ከመሀላቸው ታላቅ የሆነው አጎት ጠጣና ኩባያውን ያዘ አድርጎ ዙሪያውን ቃኘ።

«ቧንቧ ደጃችን ነው ተብሎ ነበር» አለ። «በገንቦና በቅል የምታጠጡን ለምንድነው?»

የሙሽራው እናት ሳትደነግጥ «ከቧንቧ የሚጠጣማ የሰፈር ልጅ ነው» አለች። «እናንተ እንግዶች ናችሁ። ለእንግዳ በአባቶቻችን ዕቃ ነው የሚቀርበው። እነዚህን ዕቃ ለዛሬ ብለን ከሶዶ ነው ያስመጣነው። ከሙዚየም። ይኸው የመንግሥት ሰው አሉ፣ ይመስክሩ።»

የሁሉ ዓይን ወደ አስተባባሪያችን ዞረ። አፉ ሥጋ ጎርሷል። አላምጦ እስኪውጥ ድረስ እኔ በሱ ፈንታ በልቤ ጸለይኩ። ቆመ። ቧንቧ አለ ቢል ውሸት ነው፤ የለም ቢል ሙሽሪት ሻንጣዋን ታነሳለች።

«ዕቃዎቹ በእርግጥ ከሙዚየም የመጡ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔው ነኝ ያመጣኋቸው።»

አጎትየው ራሱን ነቀነቀ። ሙዚየም ያህል ነገር ለልጁ ሠርግ ተጭኖ መምጣቱ ልቡን እንደነካው ፊቱ ይናገራል። ወደ ወንድሞቹ ዞሮ በሹክሹክታ አስተላለፈ፤ እነሱም ለሚስቶቻቸው። ኩባያውን ዘረጋና ሌላ ጠየቀ። የሙሽራው እናት በገዛ እጇ እስከ ከንፈሩ ሞላችለት፤ ሲፈስ እንኳ ግድ አልሰጣትም። ሦስተኛ ጠየቀ፤ ሞላች። ፈገግ እንዳለች ወደ ጓዳ ገባች።

ሥጋ ልጨምር የሄድኩ መስዬ ተከተልኳት። ትልቁ እንስራ ላይ ጎንበስ ብላ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከትታ ስንት እንደቀረ በጣቷ ትፈልጋለች።

«ይበቃል እናቴ?» አልኳት።

ክንዷን አወጣች፤ የረጠበው የጣቷ ጫፍ ብቻ ነበር። በነጠላዋ ጠረገችው።

«ለዛሬ ይበቃል» አለች። «ከነገ ጀምሮ ልጅቷ የኛ ናት።»